ዱቄት የገባበት ማሽን

ማሽኑ ወደ ቢሯችን የተመለሰው በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ ነው። ከመርሳ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር መንገድ ዳር አቆመና ከኋለኛው ወንበር ሥር ጎትቶ አውጥቶ ደጃፋችን ላይ አስቀመጠልኝ።

«አንድ ሽማግሌ ናቸው ያስጫኑኝ» አለ። «ወልድያ የኮምፒውተር ሥራ የሚሠሩት ቢሮ አድርስልኝ፣ እነሱ ያውቁታል ነው ያሉኝ።»

«ማን ይባላሉ?»

«አልጠየቅኳቸውም» ብሎ ሄደ። ተሳፋሪ ጭኖ ነበር።

ጆንያውን ስፈታው መጀመሪያ ያየሁት ከማሽኑ ጎን የተለጠፈውን ነጭ ፕላስተር ነው። በእስክሪብቶ «አይነካም» ይላል። የባልደረባዬ ጽሑፍ ነው። እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ባልደረባዬ ከሞተ አምስት ወር አልፎታል ብለን ነበር ሁላችንም የምናስበው።

ከጦርነቱ በፊት ወልድያ ቢሮ ውስጥ የነበርነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ኃላፊያችን አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ ያሠራናል፤ እኛ ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች እንሠራለን። የምንሠራው ለጤና ጣቢያዎች የሚሆን ፕሮግራም ነበር። በየወሩ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን፣ የስኳሩንም የሳንባውንም የሌላውንም፣ ይመዘግባል፤ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ሲኖር ለነርሷ ያሳያል። ኮዱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ማሽኑን የሚጠብቀው እሱ። ቢልድ ሰርቨር ነው የምንለው። የጻፍኩትን ሁሉ ሰብስቦና ፈትኖ፣ የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ የሚጫን አንድ ፕሮግራም አድርጎ ያወጣል። አንዲት መስመር ብቀይር እንኳ ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር።

እሱ በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ይበልጣል። ኮምፒውተር ከመማሩ በፊት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግን ስለነበር፣ ማሽን የታመመ ሲመስለው መጀመሪያ ጆሮውን ነው የሚያስጠጋው። የማይቸኩል ሰው ነው። አንድ ነገር ባስተካከለ ቁጥር ለምን እንዳስተካከለው የምትገልጽ አጭር ማስታወሻ ትቶ ያልፋል፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ አላነባትም።

አንድ ነገር ብቻ ያጣላን ነበር። ፕሮግራሙን የምፈትንበት የሐሰት ስም ዝርዝር ስህተቱን አላወጣልኝ ሲል፣ ከአንድ ጤና ጣቢያ የእውነተኛ ታካሚዎችን ዝርዝር ቀድቼ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩ። ስማቸው፣ ቀበሌያቸው፣ በሽታቸው፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ አለበት። አይቶት ደነገጠ።

«ይሄ የሰው ገመና ነው» አለኝ። «ዛሬውኑ አጥፊው።»

«ነገ አጠፋዋለሁ።»

ነገ እያልኩ ወራት ሄዱ። እንደማላጠፋው ሲያውቅ በሳምንት አንድ ቀን ያስታውሰኝ ጀመር፤ በኋላ ማስታወሱንም ተወው።

ጦርነቱ በክረምት ወደ እኛ ተጠጋ። እኔ የታመመ አባቴን ይዤ ቀድሜ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አባቴን በትከሻዬ ደግፌ እስከ ደሴ ስሄድ ስለ ቢሮው አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ያሰብኩት በማግስቱ ነው። ደሴ ዘመድ ቤት ቁጭ ብዬ ስልክ ደወልኩለት።

«የት ነህ?»

«ወልድያ ነኝ። እናቴ አልወጣም ብላኛለች። ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም ብላ ተቀምጣለች።»

«ዝርዝሩ ማሽኑ ላይ ነው» አልኩት። «አላጠፋሁትም። ማንም እጅ እንዳይገባ፣ እባክህ አጥፋልኝ።»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

«መብራት የለም እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «መርሳ መብራት አለ አሉ። ይዤው መርሳ ልድረስና አጥፍቼው እመለሳለሁ። አንቺ አትጨነቂ።»

እኔም እሺ አልኩ። ዲስኩን አውጥተህ በድንጋይ ስበረው ማለት እችል ነበር። ዲስኩ ላይ ግን የአራት ዓመት ሥራችንም ነበረበት፤ አዲስ አበባ ያለው ቅጂ የቆየ ነው። ያንን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እናም አላልኩም። ከሰዓት በኋላ መልሼ ስደውል ስልኩ አይሠራም። ከዚያ በኋላ የሁሉም ሰው ስልክ ጠፋ።

ደሴም ብዙ አላስቀመጠንም፤ ወደ ደቡብ ወረድን። ወልድያ የተመለስኩት ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ በጥር ነው። ቢሯችን በሩ የለም። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ የግድግዳው ሶኬት ሳይቀር ተወስዷል። እናቱ ቤት ስሄድ ጥቁር ለብሰው አገኘኋቸው። መርሳ በተያዘችበት ቀን መናኸሪያው አጠገብ ከወደቁት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር ብሎ ከዚያ የሸሸ ጎረቤት ነግሯቸዋል። ጎረቤቱ ፊቱን አላየም፤ ያወቀው በጃኬቱ ነው። አስከሬን አልተገኘም። እናቲቱ ከዚያ ቀን ጀምረው ቆጥረው፣ በዚያ ሁሉ ችግር መሀል አርባውን በንፍሮ አውጥተውለታል።

እኔ ምንም አልተናገርኩም። መርሳ የሄደው በእኔ ምክንያት እንደሆነ አላወቁም። «ለሥራ ነገር መርሳ ደርሼ እመጣለሁ ብሎኝ ወጣ» አሉኝ፤ አጎንብሼ «አዎ» አልኩ።

እንግዲህ ማሽኑ በጆንያ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንደመሰለኝ መርሳ በተያዘችበት ቀን ለአንድ ሰው አደራ ሰጥቶት ነበር፤ ሰውየውም ሰላም ሲሆን ላኩት። የዚያን ጊዜ ከዚህ አልፌ አላሰብኩም።

ኃላፊያችን ማሽኑ እንደተገኘ ሲሰማ በስልክ ድምፁ ተለወጠ። ጤና ጣቢያዎቹ መዝገባቸው ተቃጥሏል፤ መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች አሉ፤ ፕሮግራሙ በቶሎ ተስተካክሎ ይፈለጋል። ጠረጴዛ ተዋስኩ። ማሽኑን ሰካሁት። ተነሣ። የመጀመሪያውን ቢልድ ጀመርኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፤ ስመለስ ገና ነው። ሃያ ደቂቃ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ። በሃምሳኛው ደቂቃ አለቀ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ሃምሳ ደቂቃ ይታገሡታል። በዚያን ወቅት ግን መብራት በቀን ሁለት ሰዓት ቢመጣ ነው፤ ያውም እየተቆራረጠ። ቢልዱ ሳያልቅ መብራት ከሄደ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ሥራ ሳልጨርስ መሸብኝ። «ምን ሆኖ ነው?» ይለኛል ኃላፊዬ በየቀኑ። «አላወቅኩም» እላለሁ።

ማሽን ሲዘገይ የሚጠረጠረው ብዙ ነው፤ እኔ አንድ በአንድ ነው የምሄደው። መጀመሪያ ዲስኩን ጠረጠርኩ፤ ስንት ወር ተጥሎ ከርሞ ተጎድቶ ይሆናል ብዬ። ፍጥነቱን ለካሁት፤ ጤነኛ ነው። ሚሞሪው ሞልቶ ይሆን አልኩ፤ ግማሹ ባዶ ነው። ቀጥሎ ኢንተርኔቱን ጠረጠርኩ። ቢልዱ አንዳንድ ነገር ከውጭ ያወርዳል፤ የወልድያ መስመር ደግሞ ያኔ ለስልክ እንኳ አልበቃም። ኬብሉን ነቅዬ፣ ያለውን ብቻ እንዲጠቀም አድርጌ አስጀመርኩት። አርባ ዘጠኝ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው ያተረፍኩት።

የቀረኝ ማሽኑን መክፈት ነበር። ያን ሥራ ሁልጊዜ የሚሠራው እሱ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ክዳኑን ላነሣ ስል «እጅሽን ታጥበሻል?» ብሎ ቀልዶብኝ ያውቃል። «አይነካም» የሚለውን ፕላስተር ሳልቀድ በጥንቃቄ ከጫፉ አላቅቄ፣ ዊንጮቹን ፈትቼ ክዳኑን አነሣሁ።

ውስጡ ነጭ ነው። መጀመሪያ አመድ መሰለኝ። በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትኩት፤ ዱቄት ነው። የማሽላ ዱቄት። በማራገቢያው ክንፎች ላይ፣ በሽቦዎቹ መሀል፣ በየስንጥቁ ገብቷል።

እዚያ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ማሽኑ በጆንያ ስለተጠቀለለ ዱቄት ከላይ ሊነካው ይችላል፤ ከውስጥ ማራገቢያው ጀርባ ድረስ ግን በራሱ አይገባም። ማራገቢያው ስቦት ነው የገባው። ማራገቢያ ደግሞ የሚስበው ሲሽከረከር ነው። ይህ ማሽን ዱቄት ያለበት ቦታ፣ በርቶ ሠርቷል።

በብሩሽና በጨርቅ አጸዳሁት። አሁንስ ይፈጥናል ብዬ ነበር፤ አቧራ የበዛበት ማሽን ይግልና ራሱን ለማዳን ይቀንሳልና። ቢልዱን ስጀምር ሙቀቱን እያየሁ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው። አለቅጥ ቀዝቃዛ። አሁንም ሃምሳ ደቂቃ።

ያኔ ነው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ለማየት ያሰብኩት። ሥራ ሲበዛበት ከፍ፣ ሲያርፍ ዝቅ ማለት አለበት። ይሄኛው ከሚችለው ሩብ ያህሉ ላይ ቆሟል፤ ቢልዱ ይጀመር፣ ይቁም፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ተበላሽቶ ቢሆን ይወላገዳል። ይህ ግን ቀጥ ያለ ነው። ሰው ያዘዘው ነገር ነው።

ማሽኑ ሲነሣ የሚያነባቸውን ትእዛዞች ከፈትኩ። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች አንዷ ፕሮሰሰሩ ከዝቅተኛው ጉልበት እንዳያልፍ የምታደርግ ነበረች። ከሷ በላይ ማስታወሻ አለ። እዚያ ስክሪን ላይ የእኛ ፊደል አይጻፍምና፣ እንደ ልማዱ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የጻፈው፦

«የጀነሬተሩ አቅም ትንሽ ስለሆነ ነው። ዝርዝሩ ጠፍቷል። መብራት ሲመጣ ይህን መስመር አጥፊው።»

አጥፊው ነው የሚለው። ለእኔ ነው የጻፈው።

ፋይሉ የተቀየረበትን ቀን አየሁ። የፈረንጁን ቀን በወረቀት ወደ እኛ መለስኩት። እንደገና መለስኩት። መርሳ ከተያዘችበት ቀን፣ እናቱ ሞተ ብለው ከሚቆጥሩበት ቀን፣ ሃያ ሦስት ቀን ይበልጣል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማሽኑን መጠራጠር ነው። ሰዓት የሚይዝበት ትንሽ ባትሪ ካለቀ የሐሰት ቀን ይጽፋል። አውጥቼ ለካሁት፤ ደህና ነው። የመነሣቱን መዝገብ ሳይ ደግሞ፣ በተከታታይ ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት ተነሥቷል። በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ጠፍቷል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተነሥቶ እስከ እኩለ ቀን ሠርቶ በሥርዓቱ ተዘግቷል። የገባው ሰው የእሱን የይለፍ ቃል ተጠቅሟል። ያንን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

መብራቱ ሄደ። ስክሪኑ ጠቆረ። ቀኑ ገና ብሩህ ነው፤ ከታች የሚስማር ሱቁ ሰዎች ሲስቁ ይሰማኛል። እኔ እጄን ማሽኑ ላይ አድርጌ፣ እንደ እሱ ጆሮዬን አስጠግቼ ነበር። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ምንም ድምፅ የለውም።

ማታ ኃላፊዬ ሲደውል «ገና አላገኘሁትም» ብዬ ዋሸሁት። መስመሯንም አላጠፋኋትም።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ ወረድኩ። የማውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ዱቄትና ጀነሬተር። ገበያው አጠገብ ወረድኩና «ጀነሬተር ያለው ወፍጮ ቤት አለ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ሁለተኛው ሰው አመለከተኝ። ባለወፍጮው ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ቅንድባቸው ሳይቀር በዱቄት የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል።

«እንደምን አደሩ ሐጂ። ከወልድያ ነው የመጣሁት። ማሽን የላኩልን እርስዎ ነዎት?»

ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ» አሉ። «ደረሰ? አልሐምዱሊላህ። እኔ እሱ ራሱ የሚመጣ መስሎኝ ነበር ያስቀመጥኩት። ሲቀር ጊዜ ነው የላክሁት።»

«እዚህ ነበር?»

«እዚህ ነበር እንጂ። እዚች ላይ ነበር የሚተኛው» ብለው በጆንያዎቹ መሀል ያለች አግዳሚ አሳዩኝ።

ቀስ ብለው፣ እየቆሙ ነገሩኝ። ከተማዋ በተያዘችበት ቀን ጃኬቱን ለአንድ ለቆሰለ ሰው አልብሶ፣ በሸሚዙ ብቻ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ ማሽኑን አቅፎ ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባ። መብራቱ ያኑ ዕለት ጠፍቶ ነበር። የሐጂ ትንሽ ጀነሬተር ነበረች፤ ከዚያ በፊት የሰው ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉባት። ቤንዚን ግን የለም።

«ስንቱ በእግሩ በሸንተረሩ እየወጣ ሲሄድ፣ አንተም ሂድ አልኩት» አሉ። «እናትህ ዘንድ ተመለስ፣ ወይም ከሰው ጋር ወደ ታች ውረድ። ‹ሐጂ፣ አንድ የማጠፋው ነገር አለ፤ እሱን ሳልጨርስ አልሄድም› አለኝ። ምንድን ነው ብለው፣ ‹የታመሙ ሰዎች ስም ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁትም።»

«ማሽኑን ቢሰብረውስ?»

«እኔም ብዬዋለሁ። ‹የእሷም ድካም አለበት› አለኝ። እሷ ማን እንደሆነች አልነገረኝም።»

ወፍጮ ቤቱ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር፤ የሞተሩ ጩኸት ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። እንባዬን በመዳፌ ስጠርግ ፊቴ ዱቄት ሆነ። ሐጂ እንዳላዩ ሆነው ወደ በሩ ዞሩ።

ሃያ ቀን ያህል ጠበቀ። እየጠበቀ ከሐጂ ጋር ጆንያ ይሸከማል፣ ዱቄት ያፍሳል፣ የወፍጮውን ቀበቶ ይጠግናል። ከዚያ አንድ የባጃጅ ባለቤት፣ ባጃጁ ከቆመ ወዲያ ምን ይሠራልኛል ብሎ፣ ከታንከሩ የቀረችውን ቤንዚን ቀድቶ ሰጣቸው። የመጀመሪያው ቀን ማሽኑን ሲያስነሣው ጀነሬተሯ አቃስታ ጠፋች። ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ዋለ። በማግስቱ ከቦርሳው ባወጣት ትንሽ ኮምፒውተር እየተመለከተ ቶሎ ቶሎ አንድ ነገር ጻፈ።

«‹አሁን ትንሽ ትንሽ ብቻ እንዲጠጣ አድርጌዋለሁ› አለኝ፤ እንደ ሕፃን ልጅ። እስከ ዙሁር ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ዝርዝሩን ማጥፋት አይበቃም፣ ላዩ ላይ ደግሞ መጻፍ አለበት አለኝ። እኔ አልገባኝም። ሲጨርስ ደስ አለው። ወላሂ፣ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። በላ። በማግስቱ ፈጅር ሰግጄ ስመለስ ጫማውን አሥሮ ጠበቀኝ። ማሽኑን ለእኔ ተወልኝ፤ ከማሽላው ሥር ቀበርኩለት። ቤቱ በኋላ ሲፈተሽ ትንሿን ኮምፒውተር ወሰዱ፤ ትልቁን ግን አላገኙትም።»

«ወዴት ሄደ?»

«ወደ እናቱ። በአስፋልቱ አትሂድ ብዬው፣ በግራና ከተማ በኩል በእግሩ ሄደ። እስከዚያ ድልድይ ሸኘሁት» አሉና በበሩ በኩል በእጃቸው አመለከቱ። ከበሩ ድልድይ አይታይም። «ደርሷል ብዬ ነበር የማስበው። እስከ ዛሬ ድረስ።»

ስለዚህ ሐጂም አለመድረሱን የሰሙት ከእኔ ነው። ከአግዳሚዋ ላይ ቁጭ አሉ፤ ሠራተኛቸው ሞተሩን አጠፋ።

ወደ ወልድያ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሙሉ መንገዱን የሒሳብ ጥያቄ እንደተሰጠው ሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር የማሰላው። ነገ አጠፋዋለሁ ባልኩት ቀን አጥፍቼው ቢሆን፣ መርሳ አይሄድም። ቢሄድ እንኳ አይቆይም። ሃያ ሦስቱን ቀን አንድ በአንድ ስቆጥራቸው፣ በእያንዳንዱ ቀን እኔ የት እንደነበርኩ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ የቀን ሥራዬ አባቴን ፀሐይ ላይ ማውጣትና ማስገባት ነበር።

መስመሯን ያጠፋሁት በማግስቱ ነው። ማስታወሻውን በወረቀት ገልብጬ፣ ከዚያ አጠፋሁት፤ ማሽኑን አስነሥቼ ቢልዱን ጀመርኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ዝርዝሩ የነበረበትን ቦታም አየሁ፤ አንድ ፊደል ሳይቀር ባዶ ነው። በዚያ ሳምንት ፕሮግራሙ ለጤና ጣቢያዎቹ ደረሰ። ኃላፊዬ ደስ ብሎት «ምን ነበር ችግሩ?» ሲለኝ፣ «ኃይል እንዲቆጥብ ተደርጎ ነበር» አልኩት። እውነት ነው። ከዚያ ማሽን ጋር ብቻዬን ስሆን ግን ከዚያ ወዲህ ጥሩ ስሜት ተሰምቶኝ አያውቅም። ማራገቢያው ድምፁን ሲቀይር፣ ከኋላዬ ሰው የገባ ይመስለኝና እዞራለሁ። አሁንም፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ማሽን አጠገብ ሆኜ እዞራለሁ።

የከበደኝ እናቱ ነበሩ። አራት ቀን ዘገየሁ። አንዳንዴ ምን አስነገረኝ እላለሁ፤ አንድ ጊዜ አልቅሰው የጨረሱትን ለምን ቁስላቸውን እከፍታለሁ? አንዳንዴ ደግሞ ሃያ ሦስት ቀን ከልጃቸው ዕድሜ ላይ የምወስድባቸው ማን ሆኜ ነው እላለሁ። በአምስተኛው ቀን ሄድኩ። ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ከጎናቸው ተቀምጬ፣ እኔም እየለቀምኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጃኬቱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ጀነሬተሩን፣ የግራናውን መንገድ።

አላለቀሱም። እጃቸው ብቻ ቆመ።

«ሃያ ሦስት ቀን» አሉ። «ምን እየበላ?»

«ሐጂ ያበሉት ነበር። ከቤታቸው ነበር የሚበላው።»

«ፆም ነበር እኮ መጀመሪያው ላይ። የፍልሰታ።»

«አላውቅም እማማ። ይጠይቋቸው።»

«እንግዲያ እኔ አርባውን ሳወጣ፣ አርባው ገና አልነበረም» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ሊያጠፋው የሄደው ምን ነበር?»

የፈራሁት ይህን ነበር። «የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ። «ማጥፋት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በስልክ አጥፋልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። የሄደው ለእኔ ብሎ ነው።»

ምስሩን ከሰፌዱ ወደ ሳህኑ ገለበጡ። ተነሥቼ መሄድ ተመኘሁ።

«አልነገርሽኝም» አሉ በመጨረሻ። «በጥር ስትመጪ እዚሁ ተቀምጠሽ አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩዎትም።»

«ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ከሰውየው ጋር ግን አገናኚኝ።»

በሳምንቱ አብረን መርሳ ወረድን። ሐጂ ከሩቅ ሲያዩን ከደጃፉ ወጥተው ተቀበሉን። ሁለቱ አዛውንቶች ረጅም ሰዓት አወሩ፤ እኔ ደጅ ነበርኩ። ሲወጡ እናቲቱ «ፆሙን ፆሟል አሉኝ» ብለው ነገሩኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከዚያ ሐጂ የሸኙበት ድልድይ ድረስ በእግር ሄድን። ሐጂ ከዚያ ሊመለሱ ሲሉ እናቲቱ አልቆሙም፤ በጥቁር ነጠላቸው ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ቀጥ ብለው መራመድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው። በየመንገዱ ያለውን ቤት ሁሉ ያንኳኳሉ፤ «በሸሚዝ ብቻ የሆነ፣ ረጅም፣ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው አላያችሁም?» ይላሉ። ሰዉ በትሕትና ይሰማቸዋል፤ ብዙ ሰው አልፏል እማማ፣ በዚያን ጊዜ ማን ማንን ያያል ይላቸዋል።

ግራና ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ጨው የምትሸጥ አንዲት ሴት ጥያቄያቸውን ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማች።

«በዚያን ሰሞን አንድ ሰው ከቤቴ ደጃፍ ውኃ ለምኖኛል» አለች። «ሸሚዙ ነጭ ነበር፤ ዱቄት ይሁን ቀለሙ አላወቅሁም።»

እናቲቱ ጠጋ አሉ። «ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት።»

«ጠጥቶ ሄደ?»

«ጠጥቶ ሄደ።»

የትኛው መንገድ እንደሄደ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ እናቲቱ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ሴትየዋን አመሰገኑና ከጨው ጆንያዎቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ እስክትበርድ ከዚያ አልተነሡም።